ርካሽ ቴሌፎቶ ከማክሮ ጋር፦ ምጣኔውን እዩ

በውስን በጀት ቴሌፎቶ ዙም ስትገዙ ሌንሱ ላይ «ማክሮ» መባሉ አይበቃም፤ የማጉላት ምጣኔውን እዩ። ታምሮን 70-300 ኤፍ/4-5.6 ዲአይ ኤልዲ የማክሮ ማብሪያው ሲበራ በ95 ሴንቲሜትር ርቀት፣ 300 ሚሊሜትር ላይ 1:2 ይደርሳል፤ በፉል ፍሬም ካሜራ 72 በ48 ሚሊሜትር ስፋት ፎቶውን ይሞላል። ለቢራቢሮ ይበቃል። «እውነተኛው ማክሮ 1:1 ነው» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ የጉንዳን ዓይን የሚፈልግ አይግዛው። ግን ርቀቱ ራሱ ጥቅም ነው፦ ነፍሳቱ ቶሎ አይደነግጡም፣ ጥላችሁም አበባው ላይ አያርፍም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ማረጋጊያ የለውም የሚለው ነው። በእጅ ስታነሱ ፍጥነቱን ከ1/500 አታውርዱ፤ አይኤስኦ ጨምሩ፣ ትንሽ ኖይዝ ከደበዘዘ ፎቶ ይሻላል። የኒኮን ዲ3000 እና ዲ5000 ተከታታይ ካሜራ ያላችሁ ግን ያገለገለ ስትገዙ በሌንሱ ውስጥ የፎከስ ሞተር ያለውን ምረጡ፤ ካሜራዎቹ የራሳቸው ሞተር ስለሌላቸው፣ ያለ ሌንሱ ሞተር አውቶፎከስ አይሠራላችሁም።