የዙሪኩ ወፍና የምስክር ቃል

ከምድር ጠፋ የተባለ ወፍ አየሁ የሚል ሰው ሲነሣ፣ ወዲያው ማመንም ሆነ ወዲያው ማስተባበል ፍርደ ገምድልነት መሆኑን፣ የዙሪኩ ሐኪምና የተፈጥሮ ሊቅ ኮንራድ ጌስነር እ.ኤ.አ. በ1555 ያሳተመው መጽሐፈ አዕዋፍ የደረሰበት ዕጣ በግልጥ ያስረዳናል።

ጌስነር በዚህ መጽሐፍ፣ ዶሮ የሚያህል፣ ላባው ጥቁር ሆኖ ወደ አረንጓዴ የሚያንጸባርቅ፣ ራሰ በራ፣ ረጅም ቀይ መንቁሩ የቆለመመ፣ በገደልና በፈረሰ ግንብ ላይ የሚፈለፍል ቫልድራፕ የተባለ ወፍ በሥዕል አስደግፎ ገለጠ፤ ሆዱንም ከፍቶ የበላቸውን ነፍሳት መዘገበ። ጫጩቶቹ ለማዕድ ይፈለጉ ነበርና ወፉ በ17ኛው መቶ ዓመት ከመካከለኛው አውሮፓ ጠፋ፤ ኋላ የተነሡ ሊቃውንትም በዓይናቸው ስላላዩት ከተረት ቈጠሩት። የአዕዋፍ ሊቃውንቱ ሮትሽልድ፣ ሃርተርትና ክላይንሽሚት በ1897 በሰሜን አፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ የሚገኘው ራሰ በራ ወፍ ያው መሆኑን ያስረዱት፣ ጌስነር መልኩንና ጠባዩን አንድ በአንድ ጽፎ ስላቈየ ነው።

ይኸው ወፍ ከሶርያም ጠፍቷል ከተባለ ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ፣ የበረሃውን አዳኞችና ዘላኖች ቃል ያልናቁ ተመራማሪዎች በ2002 በመጽሐፍ ቅዱስ ተድሞር በምትባለው በፓልሚራ አጠገብ 7 ወፎች አገኙ፤ በ2006 ከእነርሱ በአንዳንዶቹ ላይ የታሰረው የሳተላይት መሣሪያም፣ የብርዱን ወራት የሚያሳልፉት ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ባለው በእኛው ደጋ መሆኑን ገለጠ።

ሆኖም ጥርጣሬ ከንቱ አይደለም፤ በደጋችን መንቁረ ቆልማማ የሆነ ሌላ ጠቆር ያለ ወፍ በብዛት ስለሚኖር፣ ራሱ ላባ የለበሰ መሆኑን፣ በጉሮሮው ሥር ሥጋ መንጠልጠሉንና በክንፉ ላይ ነጭ መታየቱን ያላስተዋለ ሰው በቅንነት ሊሳሳት ይችላል።

ስለዚህ በጄኔቫ ሐይቅ ዳር በግላንድ የተቀመጠው ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት አንድን ፍጥረት ጠፋ ብሎ የሚመዘግበው፣ የመጨረሻው መሞቱ ምክንያታዊ ጥርጣሬ የሌለበት ሲሆን ብቻ ነው፤ በሕይወት ሳለ ሞተ የተባለ ወፍ ጠባቂ ያጣልና። እኛም የእረኛውን ቃል ሰምተን፣ ቦታውን፣ ዕለቱንና የወፉን ምልክት ጽፈን፣ ቢቻል ፎቶግራፍ ጨምረን ለሚመረምር ሁሉ ብናቀርብ፣ ለእውነትም ለፍጥረትም የሚገባውን ፈጸምን ማለት ነው።