ነፍስ ነፋስ ናትን? በዓለ ጰራቅሊጦስን ምክንያት በማድረግ

በአንድ የየካቲት ቀን፣ ከእንጦጦ ማዶ ሱሉልታ ላይ ለለቅሶ ተቀምጠን ነበር። ነፋሱ የድንኳኑን ሸራ ሲያርገበግብ የሟች እናት ወደ እኛ ዘወር ብለው፣ «ዲያቆን፣ የልጄ ትንፋሽ ሲወጣ እጁን ይዤ ነበር፤ ነፍሱስ እንደዚህ ነፋስ ተበትና ቀረች?» ሲሉ ጠየቁን። በዕለቱ የሰጠነው መልስ አጭር ነበር። በዓለ ጰራቅሊጦስ በደረሰ ጊዜ ግን ጥያቄው ተመልሶ በልባችን መጣ።

ጥያቄው ጥንታዊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት ሶቅራጥስ በአቴና መርዝ ሊጠጣ በተዘጋጀበት ዕለት ወዳጆቹ ይህንኑ ፈርተው እንደ ነበር አፍላጦን «ፌዶን» በተሰኘው ድርሰቱ ተርኳል። ሶቅራጥስም፣ ሰው በዐውሎ ነፋስ ቀን ቢሞት ነፍሱ ትበተናለች ብለው እንደ ሕፃናት መስጋታቸውን በፈገግታ ነቅፏል።

ፍርሃታቸው ከቋንቋቸው ጋር የተሳሰረ ነበር። በግሪክኛ ነፍስ የሚባለው «ፕሲኬ» መነሻው እስትንፋስ ነው፤ «ፕኔውማ» ደግሞ ነፋስም፣ እስትንፋስም፣ መንፈስም ይሆናል። በ6ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የሚሊጢኑ አናክሲሜኔስ የሁሉ መገኛ አየር ነው፤ ነፍሳችንም አየር ናት ብሎ አስተማረ። ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና ያገኛቸው ኢስጦኢኮችም ነፍስን ሞቃት እስትንፋስ አድርገው ቈጠሯት፤ ከሥጋ ተለይታ ለጊዜው ብትቈይ እንኳ ዓለም በእሳት ሲጠፋ አብራ ትጠፋለች አሉ።

በአክሱም ዘመን መጻሕፍትን ከግሪክኛ ወደ ግእዝ የመለሱ አባቶቻችን ተመሳሳይ ሀብት በቋንቋቸው ነበራቸው። ነፋስ፣ ነፍስ፣ እስትንፋስ፣ መንፈስ የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸውና። ይሁን እንጂ ቃሉ ቢመሳሰልም ትምህርቱ ተለየ። በኦሪት ዘፍጥረት አዳም ሕያው የሆነው አየር ስለ ሳበ ሳይሆን እግዚአብሔር እፍ ስላለበት ነው። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ነፍስን ልባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ትላታለች፤ የምታስብ፣ የምትናገር፣ የማትሞት ፍጥረት ናት። ትንፋሽ ሲቋረጥ የሚያበቃው የሥጋ ሥራ ነው።

መንፈስ ቅዱስ ደግሞ ፍጥረት አይደለም፤ ፈጣሪ ነው። በበዓለ ኀምሳ የተሰማው ድምፅ እንደ ዐውሎ ነፋስ ነበር፤ ሐዋርያት የተቀበሉት ግን ነፋስን አልነበረም። ጰራቅሊጦስ የሚለው የግሪክኛ ስም ትርጓሜው አጽናኝ ማለት ነው። የመጣውም ኀዘን ወደ ተቀመጠበት ቤት ነው።

ለእኒያ እናት ዛሬ የምንመልሰው በየለቅሶው ቤት በሚነገር ቃል ነው። በሰበታም፣ በቡራዩም፣ በሱሉልታም ሰው ሲሞት «ነፍስ ይማር» እንላለን። ነፋስን ይማር ያለ ሰው ግን ከቶ አልሰማንም። ምሕረት የሚለመንላት ነፍስ በአምላኳ ፊት ያለች ናት፤ አልተበተነችም።

አጽናኙ መንፈስ ያዘኑትን ሁሉ ያጽናና። መልካም በዓል!