የሠላሳ ቀን ቃል
ክፍል 4

(ባለፈው ሳምንት፦ የሟች ቤተሰብ ላለመበቀል የሰጠው የሠላሳ ቀን ቃል ነገ ንጋት ላይ ያበቃል። ገዳይ የተባለው አባት እንደጠፋ ነው። የአሥራ ስድስት ዓመቱ ልጅ ከአያቱ ጋር ቤት ዘግቶ ተቀምጧል።)

ከሽኮድራ የመጡት ሽማግሌ የቀረበላቸውን ቡና አልነኩም።

«ሬሳው እንዴት ሆኖ ነው የተገኘው?»

«በደረቱ ተደፍቶ» አለ አጎትየው ከጥጉ። «አባትየው ገደለ» የሚለውን ወሬ ያመጣው እሱ ነው። የእናት ወንድም ስለሆነ ደሙ አይፈልገውም፤ ዱቄትና ስኳር ይዞ እንደልቡ ይወጣል ይገባል።

«ጠመንጃውስ?»

«አልነበረም።»

በሰሜን አልባንያ ተራሮች ደም የመለሰ ሰው ወግ አለበት። ሟቹን በጀርባው ያንጋልለዋል፤ መሣሪያውን ከራስጌው ያኖርለታል፤ «እኔ ነኝ» ብሎ ለቤተሰቡ ይልካል። የሟችን ጠመንጃ መውሰድ ነውር ነው። አባ ሽትየፈን ጌቾቪ ከተራራው ሰዎች አፍ የለቀሙት፣ እሳቸው ከሞቱ በኋላ በ1933 እ.ኤ.አ. የታተመው የለክ ዱካጂኒ ሕግ እንዲህ ይላል። የኮሚኒስቱ መሪ ኤንቨር ሆጃ አፍኖ ያዘው እንጂ አላጠፋውም።

«ልጅዎ በዚህ ሕግ ነው ያደገው» አሉ ሽማግሌው ወደ አያትየው ዞረው። «እንዲህ ያለ ሬሳ ጥሎ አይሄድም። ይህ የጀልባ ሰዎች ሥራ ነው።»

ዓመቱ 1997 እ.ኤ.አ. ነው። ገንዘቡን የፒራሚድ ድርጅቶች የበሉበት ሕዝብ የጦር ግምጃ ቤቶችን ሰብሮ ክላሽንኮቭ በየጓዳው አስገብቷል። ከቭሎራ ደግሞ ሌሊት ሌሊት ፈጣን ጀልባዎች ስደተኛና ሐሺሽ ጭነው ወደ ጣሊያን ይሻገራሉ። እዚያ ሰው የሚገደለው በዕዳ ነው፣ በክህደት ነው። «የደም ጉዳይ ነው» ከተባለ ግን ማን ይጠይቃል? ፖሊሱም እፎይ ይላል።

አጎትየው የስኳሩን ከረጢት አፍ ቋጠረው። ቀድሞም የተቋጠረ ነበር።

«የቤቱ ጌታ!»

ድምፁ ከግቢ ነው። በዚያ አገር ማንም ሳይጣራ አይገባም። ልጁ ድምፁን ለየው፤ የሟች ወንድም ነው።

«እንዳትከፍት!» አለ አጎቱ። «ሊገድልህ ነው!»

«እንግዳ ነኝ ካለ እንግዳ ነው» አሉ አያት ከአልጋቸው። «ቃሉም እስኪነጋ አላለቀም። እኔ መነሳት አልችልም፤ የቤቱ ጌታ አንተ ነህ። ክፈት፣ ልጄ።»

ልጁ መወርወሪያውን ሳበ። ሰውየው ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ እንግዳ እንደሚያደርገው፣ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ሰደፉን አስቀድሞ ሰጠው። ልጁ ሲቀበል ጣቶቹ እንጨቱ ላይ በሴንጢ የተቀረጹ ሁለት ፊደሎች ነኩ።

«የወንድሜ ነው» አለ እንግዳው። «ቭሎራ ላይ ገዛሁት።» ዓይኑ ከልጁ ትከሻ በላይ ወደ ጥጉ ያያል። «የሻጩን ስም እኔ ልንገርህ፣ ወይስ ራሱ ይንገርህ?»

ከኋላ ሽጉጥ ተቀባበለ።

ጠመንጃው ልጁ እጅ ላይ ነው። እንግዳውም የእሱ እንግዳ ነው።

(ሳምንት ይቀጥላል)