የተቧጨረ የአውቶሞቢል ጌጥ ስለ ማደስ

ከአባት የተወረሰ ቮልስዋገን በግቢው ያለው ሰው፥ የጌጡ ዘንግ ተቧጭሮ ባየ ጊዜ ነቅሎ ጥሎ መርካቶ ሶማሌ ተራ ሌላ መፈለግ ያምረዋል። ዳሩ ግን የዚህ አውቶሞቢል ሥራ በሜክሲኮ አገር ሐምሌ 1995 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ የፋብሪካው ጌጥ እንደ ልብ አይገኝም፤ የተጣለውም ምናለሽ ተራ ደርሶ መዶሻ ካረፈበት አይመለስም። ስለዚህ አስቀድሞ ማደስ ይሻላል።

በመጀመሪያ ማግኔት ያስጠጉበት። እንደ ፓራውልቱ አጥብቆ የሚይዘው ክሮም የለበሰ ብረት ነው። የክሮሙ ልባስ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር ሺሕኛ እጅ የሳሳ ነውና፥ የብርጭቆ ወረቀት ያነሣበት ሰው ጭረቱን ሳይሆን ልባሱን ይፍቃል፤ ዝገቱም ይከተላል። እንዲህ ያለውን በሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ማጽዳት፥ ጭረቱ ከጠለቀ ግን ክሮም ለሚነክር ባለሙያ መስጠት ነው። (ለአሽከር ወይም ለልጅ «ፈትገው» ብሎ መስጠት ከሁሉ የከፋ ነው።)

ማግኔት የማይዘው፥ በእጅም የሚቀለው ዘንግ አሉሚኒየም ነውና ይታደሳል። ሲነቀል መያዣዎቹን አንድ በአንድ ማላቀቅ እንጂ ከጫፍ መጎተት አይገባም፤ ከታጠፈ በኋላ እንደ ቀድሞው ማቃናት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ከዚያም ውሃ እያጠጡ በ400፥ በ800፥ በ1500፥ በመጨረሻም በ2000 ቁጥር ወረቀት ወደ ርዝመቱ ብቻ ማሸት፥ ቀጥሎም በማወልወያ ቅባትና በጥጥ ጨርቅ መወልወል ነው። የፋብሪካው መከላከያ ልባስ አብሮ ስለሚነሣ፥ እንዳይደበዝዝ በየጊዜው ሰም ይቀቡታል። አንድ ጥልቅ ጭረት አልለቅ ቢል ግን ይተዉት፤ ዘንጉ ይሳሳልና።