ስለ በረዶና ስለ አንዲት ወፍ ሥዕል

ጥላ ምን ዓይነት ቀለም አለው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ብዙ ሰው ሳያመነታ ጥቁር ነው ብሎ ይመልሳል። እኛም እንዲሁ እንል ነበር። ነገር ግን ክሎድ ሞኔ የተባለው ፈረንሳዊ ሠዓሊ የሠራውን፣ «ላ ፒ» የሚባለውን ሥዕል ግልባጭ ካየን ወዲህ አሳባችንን ለውጠናል።

ሙሴ ሞኔ ይህን ሥዕል የሠራው በ28 ዓመቱ፣ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ከ1868 እስከ 1869 በነበረው የብርድ ወራት፣ በኖርማንዲ ባሕር ዳር በኤትርታ አጠገብ ነው። በድህነት እጅግ ተቸግሮ ከቆየ በኋላ፣ ጎዲቤር የሚባል የለ አቭር ነጋዴ ስለ ረዳው፣ በ1870 በሕግ ካገባት ከካሚይና ከሕፃኑ ልጃቸው ከዣን ጋር በዚያ ዐርፎ ተቀምጦ ነበር።

የሸራው ወርድ 130፣ ቁመቱ 89 ሳንቲ ሜትር ነው። ሰው በውስጡ አይታይም። ምድሩን እንደ ባዘቶ ያለ በረዶ ሸፍኖታል፤ አጥር ሸራውን አግድም ያቋርጠዋል፤ ከዛፎቹም ኋላ የቤት ጣራ ይታያል። በስተ ግራ ባለው የእንጨት በር ላይ ከቁራ ወገን የሆነች ጥቁርና ነጭ ወፍ ብቻዋን አርፋለች። ታናሽ ናት፤ ሆኖም ከዚያ ሁሉ ንጣት መካከል ዓይን የሚያርፈው በርሷ ላይ ነው። በጣት ሸፍነው ቢመለከቱት ሥዕሉ ባዶ ሜዳ መስሎ ይቀራል።

ፀሐይ ከአጥሩ በስተ ኋላ ስለ ሆነች ጥላው ወደ ተመልካቹ ይወድቃል፤ ቀለሙም ሰማያዊ ነው። ፀሐይ በቀጥታ ያልደረሰችበትን በረዶ የሚያበራው የሰማዩ ብርሃን ነውና፣ የሰማዩን መልክ ይይዛል። ፀሐይ የነካችው ግን ወደ ብጫ ያደላል። ስለዚህም ብርዱ ብርድ ሆኖ ሳለ ኀዘን የለበትም፤ ጸጥታ ብቻ ነው።

በ1869 ሳሎን ለሚባለው ለፓሪስ የሥዕል ትርኢት ቢያቀርበው ዳኞቹ አልተቀበሉትም። ቡናማ ጥላ ለለመደ ዓይን እንግዳ ነገር ነበረ። በዚያ ዘመን ከሳሎን የተመለሰ ሥዕል ገዢ ማግኘቱ አስቸጋሪ ስለ ነበረ፣ ልጅ ለሚያሳድግ ሰው ጉዳቱ ቀላል አልነበረም። ሞኔና ጓደኞቹ በ1874 የራሳቸውን ትርኢት ከፈቱ፤ ኢምፕሬሲዮኒስት የሚለውም ስም ከዚያ ወዲህ ወጣላቸው። ሥዕሉን የፈረንሳይ መንግሥት በ1984 ገዝቶት ዛሬ በፓሪስ በኦርሴ ሙዚየም ይገኛል።

ግልባጩን በቤታችን ባሳየን ጊዜ ልጆቹ ስለ ጥላው ምንም አላሉም፤ ወፊቱ መቼ እንደምትበር ብቻ ጠየቁን።