ሥዕልና ኒያ፦ ከሎህ የተነሣ ጥበብ

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።



የዛሬው ርእሳችን ሥዕል ነው። «በዚህ ፕሮግራም ስለ ሥዕል ምን ይወራል?» የሚል አድማጭ አይጠፋም። ነገር ግን ጉዳዩ በየቤታችን ያለ ነው። ከሐይቅ ከተማ እስከ አምባሰል ገጠር፣ ከሰል ባገኘ ቁጥር ግድግዳውን የሚሞነጭር፣ ደብተሩን በሐረግና በአበባ የሚሞላ ልጅ ያለበት ቤት ጥቂት አይደለም። አንዱ አባት «ሐራም ነው» ብሎ ደብተሩን ይቀማል። ሌላው ደግሞ «ልጅ ነው፣ ይተወዋል» ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም ለልጁ የነገሩት መንገድ የለም። ልጁም አላህ በእጁ ያኖረለትን ነገር ምን እንደሚያደርገው ሳያውቅ ያድጋል።

ስለዚህ በመጀመሪያ፣ በሥራቸው የታወቁ የዘመናችን ሠዓሊዎች «ይህን ከየት አመጣችሁት? ለምንስ ትሠሩታላችሁ?» ሲባሉ የሚሉትን እንስማ። ቀጥለን ዲናችን ያበጀውን ገደብ፣ በመጨረሻም በራሳችን ቤት ያለውን ሀብት እናያለን፤ ኢንሻአላህ።

ወደ ጎረቤታችን ወደ ሱዳን እንሻገር። ኢብራሂም አስ-ሰላሒ እ.ኤ.አ. በ1930 ኡምዱርማን ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በቤታቸው ቁርኣን የሚያስቀሩ ሰው ነበሩ። ልጁ ኢብራሂምም ፊደል የቆጠሩት እንደ ወሎ ደረሳ በሎህ ላይ ነው። ጽሕፈት ማሳመርንና ሎህ በሐረግ ማስጌጥን የለመዱትም እዚያው ነው። አድገው እ.ኤ.አ. በ1954 ለንደን ወደሚገኘው ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሄዱ። በ1957 ወደ አገራቸው ተመልሰው ካርቱም ውስጥ መምህር ሆኑ።

እንግሊዝ አገር የተማሩትን ይዘው ኤግዚቢሽን አዘጋጁ። በመክፈቻው ዕለት ሰው መጣ። ቆይተው ራሳቸው እንደተናገሩት ግን ሰው የመጣው ለቀረበው ለስላሳ መጠጥ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ዝር ያለ የለም።

ሌላ ሰው ቢሆን «ሕዝቡ ጥበብ አያውቅም» ብሎ በተቀየመ ነበር። እርሳቸው ግን ጉድለቱን ከራሳቸው ዘንድ ፈለጉ። መሣሉን ለጊዜው ተዉና ሰው ቤቱን በምን እንደሚያስጌጥ ለማየት በአገራቸው ገጠር ዞሩ። ያገኙትም ያንኑ በልጅነታቸው የሚያውቁትን ነው። በየቤቱ የዐረብኛ ጽሕፈት አለ፤ በመስገጃውም በዕቃውም ላይ ጌጥ አለ። ሲሄዱ ጥለውት የሄዱት ነገር ቤት ቆይቶ ጠበቃቸው።

ከዚያ በኋላ በሥዕላቸው ጥግ ላይ የፖስታ ቴምብር በምታህል ቦታ ዐረብኛ ይጽፉ ጀመር። ሰዎች ጠጋ እያሉ ማየት ጀመሩ። ጽሕፈቱን ሲያሰፉት ይበልጥ ጠጉ። በመጨረሻም ፊደሉን እየሰባበሩ በውስጡ ያለውን ቅርጽ ፈለጉ፤ ከፊደሉ ውስጥ ተክልና እንስሳ፣ የሰውም መልክ ወጣላቸው።

እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ ክስ ሳይቀርብባቸው ታስረው ስድስት ወር ያህል በካርቱሙ ኮበር እስር ቤት ቆዩ። መጻፍም መሣልም የተከለከለ ነበር። በብጥስጣሽ ወረቀት ላይ ይሥሉና ጠባቂ እንዳያገኘው አሸዋ ውስጥ ይቀብሩት ነበር። ትንንሽ ቁራጭ እየቀጠሉ ትልቅ ነገር መሥራትን የተማሩት በዚያ ጭንቅ ነው። ከተፈቱ በኋላ በ1984 እና በ1985 የሠሩት፣ በዘጠኝ ክፍል የተገጣጠመው «የማይቀረው» የተባለ ሥዕል የዚያ ፍሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የለንደኑ ቴት ሞደርን ሙዚየም የዕድሜ ልክ ሥራቸውን ሰብስቦ አሳየ። በስተርጅና የጀርባ ሕመም ሲያስቸግራቸው ደግሞ ባዶ በሆነው የመድኃኒታቸው ካርቶን ላይ ይሥሉ ጀመር።

እኒህ ሰው ደጋግመው የሣሉት አንድ ዛፍ አለ። ሱዳኖች ሐራዝ ይሉታል፤ በእኛ አገር ገርቢ የሚባለው የግራር ዓይነት ነው። የወሎ ገበሬ ጠባዩን ያውቀዋል። ሁሉም በሚለመልምበት በክረምት ቅጠሉን ያራግፋል፤ ሁሉም በሚደርቅበት በበጋ ይለመልማል። ሠዓሊው በዚህ ዛፍ ውስጥ የጽናትን ምሳሌ አዩ። እኛ በየቀኑ ከሥሩ ጥላ የምንቀመጥበት ዛፍ ለሌላው ሰው የዕድሜ ልክ ትምህርት ሆነው ማለት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ከሐይቅ ተነሥቶ በውጫሌና በመርሳ በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ወልድያ ይደርሳል። ሠዓሊ ታደሰ መስፍን እ.ኤ.አ. በ1953 የተወለዱት እዚያ ነው። አዲስ አበባና ሌኒንግራድ ተምረው፣ በአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት አስተምረዋል። የታወቁበት ተከታታይ ሥራ «የሕይወት ምሰሶዎች» የተባለው ነው። ምሰሶ ያሏቸው እነማንን ነው? ሹማምንትን አይደለም፤ ጉሊት ሻጭ ሴቶችን ነው። ሽንኩርቷን ከፊቷ ዘርግታ ገዢ የምትጠብቀውን፣ አላፊ አግዳሚው ልብ የማይላትን እናት በትልቅ ሸራ ላይ እንደ ንግሥት አቆሟት። ዓላማቸው ለእነዚህ ሴቶች የሚገባቸውን ክብር መስጠት ነው። ቤት የቆመው በእነርሱ ትከሻ ነውና።

ኤልያስ ስሜ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1968 በአዲስ አበባ የተወለዱ ናቸው። የሚሠሩት አገልግሎቱ ካበቃ የኮምፒውተር ዕቃ፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦና ከኪቦርድ ቁልፍ ነው። ብዙውን ከመርካቶ ያገኙታል። ሽቦውን እንደ ክር እየጎነጎኑ ከሩቅ ሲያዩት ማሳና መንደር የሚመስል ሰፊ ሥራ ይሠራሉ። ሐሳባቸው የሰው ልጅ በቴክኖሎጂውና በምድሩ መካከል በቀጭን ገመድ ላይ እንደሚራመድ ሰው ሚዛኑን ጠብቆ መሄድ እንዳለበት ማሳሰብ ነው። በአሜሪካ የሚኖሩት ወሰኔ ኮስሮፍም በ1950 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወልደው፣ የአማርኛን ፊደል የሥዕላቸው ሁሉ መሠረት አድርገውታል። ፊደሉ ይዘረጋል፣ ይታጠፋል፣ ይጨፍራል፤ ለንባብ ብቻ የነበረው ለዓይንም ይሆናል።

ውድ አድማጮች፣ እነዚህ ሰዎች በእምነትም በአገርም ይለያያሉ። የሁሉም መልስ ግን ወደ አንድ ይመለሳል። ምንጩን ያገኙት ከቤታቸው ነው፤ ከሎሁ፣ ከገበያው፣ ከፊደሉ፣ ሰው ከጣለው ዕቃ። እያንዳንዳቸውም «ለምን?» ሲባሉ የሚመልሱት አላቸው። እኛ ይህን ኒያ እንለዋለን። ሥራ ሁሉ በኒያ እንደሚለካ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል።

ሆኖም ለሙስሊም ኒያ ብቻውን አይበቃም፤ ገደብም አለ። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ አንድ ሰው ወደ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) መጥቶ መተዳደሪያው የእጁ ሥራ እንደሆነና ሥዕል እንደሚሠራ ይነግራቸዋል። እርሳቸውም ነፍስ ያለውን ነገር ስለሚቀርጽ ሰው ከነቢዩ የሰሙትን ከባድ ማስጠንቀቂያ ነገሩት። ሰውየው ደነገጠ፤ ፊቱም ገረጣ። ኢብኑ ዐባስ ይህን ባዩ ጊዜ ካልተውክ ዛፉንና ነፍስ የሌለውን ነገር ሥራ ብለው መንገድ አመለከቱት። እዚህ ላይ ልብ እንበል። የሰውየውን እጅ ሥራ ፈት አድርገው አልሰደዱትም፤ በር ዘግተው በር ከፈቱለት። በጠፍጣፋ ሥዕልና በፎቶግራፍ ጉዳይ ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት አላቸው። ዝርዝሩን እያንዳንዱ ሰው የአካባቢውን ዓሊም ይጠይቅ። ከላይ ከጠቀስናቸው ሠዓሊዎች የሰውን መልክ የሚሥሉ አሉ፤ እኛ የወሰድነው ከቤት መነሣታቸውንና ዓላማቸውን ነው።

ሌላም ነገር አለ። አንድ ሰው ልብሱና ጫማው እንዲያምር መውደዱ ኩራት ይሆን እንደሆነ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተጠይቀው፣ አላህ ውብ እንደሆነና ውበትንም እንደሚወድ፣ ኩራት ማለት እውነትን መግፋትና ሰውን መናቅ እንደሆነ መልሰዋል። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ እንደሚገኘው ነው። ውበት መውደድ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ሰውን መናቁ ላይ ነው።

እንግዲህ የተከፈተው በር ሰፊ ነው፤ ፊደል፣ ሐረግ፣ ዛፍ፣ አበባ፣ ተራራ፣ ውሃ። ይህ ሁሉ ደግሞ በሐይቅና በአምባሰል ቤቶች ውስጥ ከጥንት አለ። እናቶቻችን ስንደዶውን በአክርማ እየጠቀለሉ፣ በአለላው ቀለም እየለዩ በወስፌ የሚሰፉትን መሶብ ተመልከቱ። ክብ በክብ ላይ፣ ማዕዘን በማዕዘን ላይ ሲዞር አንድም ነፍስ ያለው ነገር ሳይሣልበት ዓይን ይማርካል። ንድፉ በወረቀት አልተሠራም፤ ቁጥሩ ሁሉ በእናትየዋ ራስ ውስጥ ነው። ይህች እናት «ሠዓሊ ነሽ» ብትባል ትስቃለች። ነገር ግን ያው ናት።

ደረሳው ከጥላሸት በተበጠበጠ ቀለምና በሸምበቆ ብርዕ የሚጽፍበት ሎህም አለ። የወሎ ዑለማዎች በእጃቸው ጽፈው፣ አርእስቱን በቀይ ቀለም ለይተው፣ በቆዳ ደጉሰው ያቆዩን ኪታቦችም አሉ። እንደ ሸህ ጦልሓ ጀዕፈር ያሉት ደግሞ በዐረብኛ ፊደል አማርኛ ጽፈውልናል፤ ዐጀም የምንለው ይህ ነው።

አሁን የሚያሳዝነውን እንናገር። የተሰነጠቀ ሎህ ምድጃ ይገባል። የአያት ኪታብ «የሚያነበው የለም» ተብሎ በዝናብና በምስጥ ይበላል፤ ወይም ላልታወቀ መንገደኛ በጥቂት ብር ይሸጣል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎ በደረሰ ጊዜ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ሸሽቷል። እንዲህ ባለ ቀን የጠፋ የእጅ ጽሑፍ በገንዘብ አይተካም፤ ሁለተኛ ቅጂ የለውምና። ኢብራሂም አስ-ሰላሒ ከለንደን ተመልሰው በየቤቱ ያገኙትን ነገር፣ የእኛ ልጅ ነገ ተመልሶ ሲፈልገው ያገኘዋልን?

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ሦስት ነገር አደራ እንላለን። አንደኛ፣ የሚሥለውን ልጅ ከመቆጣታችሁ በፊት ብርዕና ሎህ ስጡት። «ቢስሚላህ»ን አሳምሮ ይጻፍ፤ የሐይቁን ውሃ፣ የአምባሰልን ገደል፣ በማሳው መካከል የቆመውን ገርቢ ይሣል። ሁለተኛ፣ ሴት ልጃችሁ ስፌቱን ከእናቷ ሳትማር አትቅር፤ ወንዱም ቢያውቀው አይጎዳውም። ሦስተኛ፣ የቆየ ኪታብ በቤታችሁ ካለ ከእርጥብና ከጢስ አርቁት፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከፍ ካለ ቦታ አኑሩት፤ ለሚያውቅ ዓሊም አሳዩት። ለማያውቁት ሰው አትሽጡት።

ልጁንም «ለምን ትሠራለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ዛሬ መልስ ባይኖረው ጥያቄው አብሮት ያድጋል።

አላህ (ሱ.ወ.) የልጆቻችንን እጅ ለኸይር ያድርግልን። አባቶቻችን ያቆዩልንንም ለመጠበቅ ይርዳን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።