በግል የሚሠሩ ቀላል አውሮፕላኖችና የደጋው አየር

አልትራላይት በመባል የሚታወቀው ቀላል አውሮፕላን በግል ሊሠራ የሚችል፣ አነስተኛ ሞተር ያለው የበረራ መሣሪያ ነው። ለአብነት ያህል በአሜሪካ ደንብ መሠረት ባለሞተሩ አልትራላይት አንድ ሰው ብቻ ይይዛል፤ ባዶ ክብደቱ ከ115 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ነዳጁም ከ19 ሊትር አይበልጥም።

በሀገራችን ደጋማ አካባቢዎች ቀዳሚው ጥያቄ የአየሩ መሳሳት ነው። የአዲስ አበባ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በ20 በመቶ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ተጨማሪ አየር የሚገፋለት መሣሪያ የሌለው ሞተር ቢያንስ የኃይሉን አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ክንፉም ያንኑ ክብደት ለማንሳት በ12 በመቶ ገደማ የላቀ ፍጥነት ይሻል። ስለሆነም የመንደርደሪያው ርቀት በእጅጉ ይረዝማል፤ የቀትር ሙቀትም ይህንኑ ያባብሰዋል።

አደጋው የሚከሰተው አብራሪው መሬቱ በፍጥነት ሲያልፍ አይቶ በቂ ፍጥነት ያገኘ ሲመስለውና አፍንጫውን ያለጊዜው ሲያነሳ ነው። ስለዚህ ዓይንን ሳይሆን የአየር ፍጥነት መለኪያውን ማመን ይገባል። አውሮፕላን ለመሥራት ያሰቡ ዜጎችም ሥራውን ከመጀመራቸው በፊት የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን እንዲያማክሩ ይመከራሉ።